አውቆ የተኛና የነቃ፦ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መንስኤና ተቃዋሚዎቹ

የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መንስኤ የሚመረምሩ የታሪክ ጽሑፎች የሚከራከሩት በማስረጃ ብቻ ሳይሆን በዘይቤም ጭምር ነው። ፍሪትዝ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ዋናውን ተጠያቂነት በጀርመን መሪዎች የመስፋፋት ዓላማ ላይ ጥሏል። ክሪስቶፈር ክላርክ ደግሞ በ2012 ባወጣው ሥራው የየመንግሥታቱን መሪዎች ዓይናቸው ተገልጦ አደጋውን ሳያዩ በእንቅልፍ ልባቸው በሚጓዙ ሰዎች መስሏቸዋል። ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ጠቀሜታ እንዳለው አልክድም፤ ጥፋቱን በአንድ አገር ላይ ብቻ ከመለጠፍ አድኖ፣ ከቤልግሬድ እስከ ለንደን የተሰጡትን ውሳኔዎች በየፈርጃቸው እንድንመረምር ያደርገናል። ይሁን እንጂ የሚሸፍነው ከሚገልጠው አያንስም ባይ ነኝ። መሪዎቹ በእንቅልፍ ልብ ከተጓዙ፣ ነቅተው ሲቀሰቅሷቸው የነበሩትን የት እናስቀምጣቸው?

ሦስቱን ብቻ ላንሳ። ፈረንሳዊው ሶሻሊስት ዣን ዦሬስ ጦርነቱን ለማስቀረት ሲታገል ጁላይ 31 ቀን 1914 ፓሪስ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ካርል ሊብክኔኽት ዲሴምበር 2 ቀን 1914 በጀርመን ምክር ቤት የጦርነቱን በጀት ብቻውን ተቃወመ፤ ጦርነቱ የዓለምን ገበያ ለመቆጣጠር የሚካሄድ ነው የሚለው የጽሑፍ መግለጫውም በቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር ተከለከለ። እንግሊዛዊው ባለቅኔና የጦር መኮንን ሲግፍሪድ ሳሱን በ1917 ባወጣው መግለጫ፣ የመከላከል ጦርነት ተብሎ የተገባበት ወደ ወረራ መለወጡንና ሊያስቆሙት የሚችሉ ሰዎች ሆን ብለው እንደሚያራዝሙት አስታወቀ። ለወታደራዊ ፍርድ በመቅረብ ፈንታ ወደ ነርቭ ሕሙማን ሆስፒታል ተላከ፤ የነቃው እንደ በሽተኛ ተቆጠረ ማለት ነው።

የጦርነቱን ተቃዋሚዎች የሐዘንና የርኅራኄ ድምፅ ብቻ አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው። እኔ ግን መግለጫዎቻቸው ከሙሾ ይልቅ የፖለቲካ ትንታኔ ናቸው እላለሁ። እርግጥ ምስክርነታቸው የመጨረሻ ፍርድ ሊሆን አይችልም። ሊብክኔኽት የነገሩን ሁሉ ሥር በካፒታል ውስጥ ይፈልጋል፤ የሳሱን ክስም ይበልጥ የሚያተኩረው በጦርነቱ መራዘም ላይ እንጂ በአነሳሱ ላይ አይደለም። ሆኖም ሌላ አማራጭ በጊዜው ተነግሮ፣ ተጽፎና ታፍኖ እንደነበር ያረጋግጣሉ።

«አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚለው ተረታችን ከክላርክ ዘይቤ የጎደለውን ልዩነት ያስጨብጠናል። እንቅልፍ የጣለው ሰው ይታዘንለት ይሆናል፤ አውቆ የተኛ ግን ይጠየቃል። ስለሆነም የመንስኤው ክርክር እንደገና በተከፈተ ቁጥር፣ የቀስቃሾቹ ቃልና የታፈነበት መንገድ ከመሪዎቹ ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ሊነበብ ይገባል።