ጠላቂውን የሚያጋልጠው አየር

እ.ኤ.አ. በ1941 ከዲሴምበር 18 ለ19 አጥቢያ ስድስት የጣሊያን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች፣ ለእንግሊዝ መርከቦች የተከፈተውን የመረብ በር ተከትለው እስክንድርያ ወደብ ሰርገው ገቡ። ፈንጂያቸው «ኩዊን ኤልዛቤት» እና «ቫሊያንት» የተባሉትን ግዙፍ የጦር መርከቦች ከወደቡ ወለል ላይ አስቀመጣቸው።

ዛሬ እንዲህ ያለውን እንግዳ ፈልጎ የሚያገኘው ሶናር የተባለው፣ በውኃ ውስጥ በድምፅ የሚያስስ መሣሪያ ነው፤ ብልሃቱ ያስደንቀኛል። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ድምፅን እንደ ባሕሩ ያሳልፋል፤ የሚመልሰው ማሚቶ ደካማ ነው። ሰውየውን የሚያሳብቅበት አየር ነው፦ በሳንባው የያዘው፣ በጀርባው ያዘለው፣ በዋና ልብሱ የታፈነው፣ ወደ ላይ የሚለቀው አረፋ። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። የተላከው የድምፅ ምት በ0.4 ሴኮንድ ከተመለሰ ጠላቂው 300 ሜትር ላይ አለ። ምቱ ሲደጋገም የጠላቂው ፍጥነትና አቅጣጫ ይለካል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ምንም ሳይልክ የሚያዳምጠው ዓይነት ነው። ጠላቂው አየር በሳበ ቁጥር ከአፉ ላይ ያለው መተንፈሻ ያፏጫል፤ ፉጨቱ በትንፋሽ ምት ስለሚመላለስ ከሞተር ጩኸት ተለይቶ ይታወቃል። ሰው እስከ መቼ ትንፋሹን ይይዛል! ትንፋሽን አጣርቶ መልሶ የሚያስተነፍስ መሣሪያ የታጠቀ ግን አረፋም ፉጨትም ይቀንሳል (የእስክንድርያዎቹም ይህን ዘዴ ያውቁ ነበር)። ያኔ ጠባቂው ወደ ምቱና ወደ ማሚቶው ይመለሳል፤ የዓሣ መንጋና ዶልፊንም እዚያ ላይ ያደናግሩታል።