ሳህኑን ማን ያጥባል?

«የዘንድሮን ነገር ከስንት ዓመት በፊት ተናግሮታል እኮ!» ይህን ሙገሳ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እዚህ ዱባይ፣ ኢንተርናሽናል ሲቲ፣ ፐርሺያ ክላስተር በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ስለ መጽሐፍ ሲወራ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ይነሣና ሁሉም ስለ ካሜራ ያወራል። ካሜራ በየመንገዱ አለ፣ ስልካችን ይሰልለናል፣ ስለዚህ ኦርዌል ታላቅ ነው። ቀጥሎ አንዱ ከቴሌግራም ያወረደውን ፒዲኤፍ ያወጣል። በዚያ ልብ ወለድ ዓለም በኮምፒውተር ትገዛለች፣ ጀግናው ጥቁር ካፖርት ለብሶ በፈራረሰ ከተማ ውስጥ ይሮጣል። «ይሄም ተንብዮአል» ይባልና ከኦርዌል ጎን ይሰለፋል። ትንቢት የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ። ግምቱ ስለደረሰለት ብቻ ጥሩ የሆነ ልብ ወለድ አላውቅም።

ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ ቋንቋ እዚህ አልደክምም። ታሪኩ መያዝ አለበት፣ ሰዎቹ ሰው መምሰል አለባቸው፣ አማርኛው መፍሰስ አለበት፤ ይህን ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ዘመን የተሻገረ ክላሲክም ይሁን ስለ ክፉ መጪ ጊዜ የተጻፈ ዲስቶፒያ፣ መጽሐፍ እጄ ሲገባ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ዓለም ውስጥ ሳህኑን ማን ያጥባል?

መጥፎ መጽሐፍ ለዚህ መልስ የለውም። ከተማው ወድሟል፣ መንግሥቱ ጨካኝ ነው፣ ሕዝቡ ባሪያ ሆኗል፤ ጀግናው ግን በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ አንዴ እንኳ አይርበውም። ቢበላም ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ይጠብቀዋል። ማን አበሰለው? ዘይቱ በስንት ተገዛ? የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ምን ይውጠዋል? ደም የነካው ሸሚዝ በሚቀጥለው ምዕራፍ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይገኛል። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ደራሲው ስለ ጭቆና ሊነግረኝ ተነሥቶ የተጨቆነውን ሰው እጅ ሳያይ ቀርቷል። ጭቆና መጀመሪያ የሚገባው በወጥ ቤት በር ነው።

ኦርዌል ይህን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 የታተመውን መጽሐፉን ክፈቱና ካሜራውን ለጊዜው ተዉት። ዊንስተን ስሚዝ ወደ መኖሪያ ሕንፃው ሲገባ ኮሪደሩ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። ሊፍቱ አይሠራም፤ እሱ ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ቁስል ስላለበት ደረጃውን እያረፈ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤቱ ወይዘሮ ፓርሰንስ በሩን ታንኳኳለች። የወጥ ቤቷ የዕቃ ማጠቢያ ተደፍኗል። ዊንስተን ይንበረከክና ቧንቧውን ፈትቶ፣ እየቀፈፈው፣ የደፈነውን የፀጉር ጉንጉን በእጁ ጎትቶ ያወጣል። የሐሳብ ፖሊሱን፣ በግድግዳ የተለጠፈውን የመሪውን ፎቶ ወደ ጎን አድርጉና ያን ፀጉር ተመልከቱ። የሰውን ሐሳብ እቆጣጠራለሁ የሚል መንግሥት አንድ ቧንቧ ሠራተኛ መላክ አቅቶታል። ከዚያ በኋላ ስለዚያ መንግሥት የሚነገረኝን ሁሉ አምናለሁ።

መጽሐፉ እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው። ምላጭ ከገበያ ጠፍቷል፤ ዊንስተን በአንድ ምላጭ ስድስት ሳምንት ተላጭቷል። የቸኮሌት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ይወርዳል፤ ወዲያው «ወደ 20 ከፍ ስላለልን» ተብሎ ምስጋና ይቀርባል። የዕለት ማስታወሻ የሚጽፍበትን ደብተር እንኳ ከየት እንዳመጣው እናውቃለን፤ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ፣ በሁለት ዶላር ከሃምሳ። ዋጋው ሳይቀር ተጽፏል። ለ«አኒማል ፋርም»ም ያው ነው። ከአብዮቱ በኋላ ላሞቹ ይታለባሉ፤ እንስሳቱ ከመስክ ሲመለሱ ወተቱ የለም። በኋላ በየዕለቱ ከአሳማዎቹ መኖ ጋር እንደሚደባለቅ ይታወቃል። ኦርዌል ራሱ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩ መታጠፊያ ያ ቦታ እንደሆነ ተናግሯል። ወተቱን ሳያስተውል ያለፈ አንባቢ ያን መጽሐፍ አላነበበውም።

ይህን መመዘኛ ያገኘሁት ከሐያሲ አይደለም። በምኖርበት ቤት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ታላቃችን አሉ። ብዙ ዓመት አረብ ቤት የሠሩ ሴት ናቸው። እትዬ የሚያነቡት በጆሯቸው ነው። ሽንኩርት እየከተፉ ስልካቸውን መደርደሪያው ላይ አቁመው ትረካ ይከፍታሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። አንድ ቀን አብሮን የነበረ ልጅ ያደነቀውን አዲስ ዲስቶፒያ አሰማቸው። ጀግናው ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ይዘልላል፣ ይተኩሳል፣ ስለ ነፃነት ረጅም ንግግር ያደርጋል። እትዬ ቢላዋውን አስቀምጠው «ይሄ ልጅ ሲመሽ የት ነው የሚገባው? ማን ነው የሚያበላው?» አሉ። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ መጽሐፉም አልነበረውም።

የማርጋሬት አትውድን «ዘ ሀንድሜድስ ቴል» ያነበብሁ ጊዜ ታሪኩን እኔው በአማርኛ ነገርኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ መጽሐፍ ነው። ሴቶች ማንበብ ተከልክለዋል፤ ገበያ ሲላኩ የሚይዙት ኩፖን ላይ ከፊደል ይልቅ የሚገዛው ዕቃ ሥዕል አለ። በየባለሥልጣኑ ቤት ማርታ የሚባሉ አገልጋዮች ያበስላሉ፣ ያጸዳሉ። ባለታሪኳ የፊት ቅባት ስለተከለከለች ከምግቧ ላይ ቅቤ ታስቀርና ጫማዋ ውስጥ ትደብቃለች፤ ማታ ብቻዋን ስትሆን ፊቷንና እጇን ትቀባዋለች። እዚህ ላይ ስደርስ እትዬ ዝም አሉ። ቆይተው «ይህን የጻፈችው ሴት የሰው ቤት ኑሮ ታውቃለች» አሉ። አትውድ ያን መጽሐፍ ስትጽፍ ሰው በታሪክ አንድ ቦታ ያላደረገውን ነገር አላስገባም ብላ ለራሷ ሕግ አውጥታ ነበር። እትዬ ይህን የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም፤ ከቅቤው አወቁት።

ታዋቂዎቹን ሁሉ በዚህ መዝኑ። የአልደስ ሀክስሊ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» በአንድ ሊፍት ሠራተኛ ያልፋል። ሰውዬው ለዚያ ሥራ ብቻ በፋብሪካ የተፈለፈለ ነው። ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ደርሶ በሩ ሲከፈት ፀሐይ ያያል፣ ፊቱ በደስታ ይበራል፤ ወዲያው ደወሉ ይጠራውና ወደ ጨለማው ይወርዳል። ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ መጽሐፉን ግን ያ ሰው ተሸክሞታል። የሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» በእኔ ሚዛን ቀሏል። ብራድበሪ የጻፈው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ለታይፕራይተር ኪራይ በየግማሽ ሰዓቱ 10 ሳንቲም እየከፈለ ነው። ያ ሳንቲም መጽሐፉ ውስጥ አልገባም። በእሱ ፋንታ የጀግናው አለቃ በታመመው ጀግና አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ገጽ በገጽ ይሰብካል። «ዘ ሀንገር ጌምስ»ን ደግሞ የልጆች ነው እያሉ የሚንቁ አሉ። ሱዛን ኮሊንስ ግን ድሃ ልጅ ጥቂት እህልና ዘይት ለማግኘት ስሙን ለሞት ዕጣ ደጋግሞ እንደሚያስመዘግብ ጽፋለች። የእህሉን ዋጋ ያወቀ ደራሲ አይናቅም።

ወደ እኛዎቹ ስንመጣም ሙገሳው የተበላሸ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣቱ የሚያነሣው ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ለማልቀስ ነው። ማልቀሱ ይፈቀዳል። ግን የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ በምን ይኩራራሉ? ግብሩ ከየት ይመጣል? ገበሬዎቹ ከተለመደው በላይ አንገብርም ሲሉ፣ ፊታውራሪ ሊያስገብሩ ዘምተው ሲማረኩ፣ ያ ሁሉ የዘር ኩራት በባላገሩ ጫንቃ ላይ የቆመ እንደነበር ይታያል። ሥርዓቱን የሚተቸው ጉዱ ካሣ ቢናገርም ባይናገርም ገበሬው አስረድቶናል። ይህን ክፍል እየዘለለ ወደ ፍቅሩ የሚሮጥ ሰው መጽሐፉን አደንቃለሁ ሲለኝ አልሰማውም።

«ኦሮማይ»ንም መታገዱ ብቻ ያስወድሰዋል። በዓሉ ግርማ በ1975 አሳተመው፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ ልብ ይሰብራል፤ የመጽሐፉ ጥራት ማስረጃ ግን አይሆንም። ጥራቱ ያለው በዓሉ የደርግን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከመድረኩ አውርዶ በአስመራ ሆቴልና መጠጥ ቤት በኩል ማሳየቱ ላይ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ቀን የሚያሰራጨውንና ማታ የሚኖረውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠልን። አዳም ረታ ደግሞ ከሁሉም ይልቃል። ሕጽናዊነት ብሎ የሰየመውን የአተራረክ ስልት ያነሣው ከእንጀራ ነው፤ ከዓይኑ። «ግራጫ ቃጭሎች»ን ሳነብ ቤቱን በጠረኑ አውቀዋለሁ። የእኛ አገር ደራሲ ወጥ ቤትን አሳንሶ ማየት የለበትም የምለው እሱን ይዤ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። በደርግ ጊዜ መጽሐፍ ያከራዩ ነበር። ደንበኛ መጽሐፍ ሲያነሣ ሽፋኑን እንዲያይ አይፈቅዱም፤ መሐሉን ከፍተው ይሰጡታል። «መግቢያውን ሁሉም አሳምሮ ይጽፋል፤ ደራሲ የሚደክመው መሐል ላይ ነው፤ ሲደክም ሰዎቹን ማብላት ይረሳል» ይሉ ነበር። አንድ ገጽ ቆሜ ካነበብሁ በኋላ «በሉ ወይስ አልበሉም?» ይሉኛል። አልበሉም ካልሁ መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ሌላ ያቀብሉኛል፤ የሚሸጡትን ዕቃ እንዳይሸጥ ያደርጉ ነበር።

ስለ ነቢይ መኮንን መጀመሪያ የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። ነቢይ በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ ሲመልስ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር፤ ወረቀቱ በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤት ወጥቶ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ስለ ጀግንነቱ አላወሩም። ሲጋራውን ማን አጨሰ፣ ወረቀቱን ማን አጠራቀመ፣ እስክሪብቶው ከየት ተገኘ፣ በማን እጅ ወጣ፤ ይህን እየጠየቁ ያስጠይቁኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀግናው እስር ቤት ውስጥ ምስጢራዊ ማስታወሻ ሲጽፍ ባየሁ ቁጥር ወረቀቱን እፈልጋለሁ። ወረቀቱ ከሰማይ ከወረደለት ደራሲው ስለ እስር ቤት የሚያውቀው ከፊልም ነው።

ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው። በየኅዳሩ አካባቢ ሻርጃ ኤክስፖ ሴንተር ወደሚካሄደው፣ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ወዳለው የሻርጃ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት አውደ ርዕይ ስትሄዱ «የዘመኑ ትንቢት» የሚል ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ ያለበትን መጽሐፍ አትንኩ። መሐሉን ክፈቱ። እስከ ገጽ 50 ድረስ ማንም ካልበላ፣ ካልከፈለ፣ ካላጠበ፣ መልሳችሁ አስቀምጡ። ንግግር ከሁለት ገጽ ከበለጠም እንዲሁ። የተሸለመ ነው፣ ፊልም ተሠርቶበታል ቢሏችሁ አትስሙ።

እናንተ የአማርኛ ዲስቶፒያ ልንጽፍ ነው የምትሉ ወጣቶች ደግሞ፣ እባካችሁ የፈራረሰውን ኒውዮርክ ተዉት። እዚህ ክላስተሮቹ ግሪክ፣ ሩሲያ፣ ስፔን፣ ሞሮኮ፣ ቻይና ተብለው ተሰይመዋል፤ እያንዳንዱ አገር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በአንዱ አፓርታማ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም የአልጋ ቦታ ብቻ፣ ተከራይተው የሚኖሩ ሴቶች በአንድ ምድጃ ተራ ይይዛሉ። ፍሪጁ ውስጥ እያንዳንዱ ፌስታል ላይ በእስክሪብቶ ስም ተጽፎበታል፤ የአንዷ እንቁላል ከጎደለ ቤቱ ሙሉ ሌሊት አይተኛም። ሌሊት ፈረቃ ያላት ስትገባ የቀን ፈረቃ ያላት ከዚያው አልጋ ትነሣለች። ይህን ቤት እስካሁን በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ አላገኘሁትም። ጻፉት። ጋዙ ሲያልቅ ማን እንደሚከፍል ጻፉ፣ እንቁላሉን ማን እንደወሰደው ጻፉ። ረቂቁን ስትጨርሱ ለሐያሲ ከመስጠታችሁ በፊት ወጥ ቤት ለቆመች ሴት ጮክ ብላችሁ አንብቡላት፤ የጠየቀችውን ሁሉ መልሳችሁ ስትጨርሱ አሳትሙት።