«ጫኙን እንደገና ይጫኑ»፤ በአንድ የመመሪያ ዐረፍተ ነገር ላይ የቀረበ ሒስ

ከአንድ የማሠልጠኛ ተቋም የወጣ የኮምፒዩተር ጥገና መመሪያ እጃችን ገብቶ ተመልክተነዋል። አዘጋጆቹ የባዕድ ቃል እንዳለ ላለመውሰድ ያደረጉት ጥረት የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ሥርዓተ ክወናዎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በሚኖሩበት ጊዜ ስለሚያጋጥመው ችግር በሚናገረው ክፍል የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ይገኛል፦ «ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ሊኑክስ ካልተጫነ ጫኙን እንደገና ይጫኑ።»

በዚህ አጭር ዐረፍተ ነገር «ጫነ» አራት ጊዜ ገብቷል። የመጀመሪያው ሥርዓቱ በዲስክ ላይ በቋሚነት መቀመጡን፣ ሁለተኛው ከዲስክ ተነቦ ሥራ መጀመሩን፣ ሦስተኛው ይህን የሚፈጽመውን ትንሽ ፕሮግራም፣ አራተኛው እንደገና በዲስክ ላይ ማስቀመጥን ያመለክታል። ቀጥሎ ባለው መስመር ደግሞ «ኤንተርን ይጫኑ» ይላል። በንግግር ጊዜ የ«ጫ» መጥበቅና መላላት ቁልፍ መጫንን ከጭነት ይለይልናል፤ ፊደላችን ግን ይህን አያሳይም።

ለቁልፉ ብዙ አንሠጋም፤ ቁልፉ ሁልጊዜ በስሙ ስለሚጠራ ተሳቢው ፍቺውን ይወስነዋል። አደጋው ያለው በሁለቱ ሌሎች ፍቺዎች ላይ ነው። ሥርዓተ ክወና ይቀመጣል፤ ሥርዓተ ክወና ተነቦ ሥራ ይጀምራል። ተሳቢው አንድ፣ ግሡም አንድ ሲሆን አንባቢው የሚይዘው ፍንጭ የለውም። «ሊኑክስ ካልተጫነ» የሚለውን «በዲስኩ ላይ ከሌለ» ብሎ የተረዳ ሰው ሊኑክስን ከሥር ጀምሮ ያስቀምጣል፤ ክፍልፍሉ በዚህ ጊዜ ከተሰናዳ በውስጡ የነበሩት ጽሑፎች ሁሉ ይጠፋሉ። የሚያሳዝነው ከዚያ በፊት አንዳችም የጠፋ ነገር አለመኖሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞው አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ ሰክተር 512 ባይት አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣው ዶስ 2.0 ጀምሮ ከዚህ ውስጥ 64 ባይት የአራት ክፍልፍሎች ሠንጠረዥ ይይዛል፤ 2 ባይት የማረጋገጫ ምልክት ነው፤ ለመቀስቀሻው ፕሮግራም የሚተርፈው 446 ባይት ገደማ ነው። ዊንዶውስ ኋላ ከመጣ ይህችን ቦታ ለራሱ ያደርጋል። ሊኑክስ በክፍልፍሉ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚጠራው ያጣል። ተገላቢጦሹም አለ። ግራብ የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም በዚህች ጠባብ ቦታ ስለማይበቃ መነሻውን ብቻ እዚያ አኑሮ የቀረውን ከሌላ ስፍራ ያመጣል። ባለቤቱ የሊኑክስን ክፍልፍል በዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ቢሰርዝ ኮምፒዩተሩ በሚቀጥለው ጊዜ «ግራብ ሬስኪዩ» ብሎ ይቆማል፤ ጠሪው አለ፣ ተጠሪው የለም። በመመሪያው ቃል ሁለቱም «የጫኝ ችግር» ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ለየብቻ ነው።

እንግሊዝኛው «ቡት» የመጣው የራስን ቦት ጫማ ማሰሪያ ይዞ ራስን ከማንሣት ምሳሌ ነው። ቃሉን በመዝገበ ቃላት ብቻ የሚፈልግ ተርጓሚ ከጫማው ላይ ይቀራል፤ የምሳሌው አስኳል ግን መነሣት ነው። እኛም ሞተር እናስነሣለን፤ መካኒኮቻችን ሞተሪኖ የሚሉት ዕቃ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ኋላ እንደሚል ሁሉ ይህም ፕሮግራም ሥርዓቱን አስነሥቶ ሥራውን ያስረክባል። ስለዚህ ፕሮግራሙን «አስነሺ»፣ ሰክተሩን «የማስነሻ ሰክተር» ማለት ይሻላል እንላለን።

«ተነሣ» ደግሞ «ተወገደ» ማለት ይሆናል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። መልሱ ያለው በተጓዳኝ ቃላት ነው። የፋብሪካ መሣሪያ ይተከላል፣ ይነቀላል፤ «ተከላ» የታወቀ የሙያ ቃል ነው። በዲስክ ላይ ለማስቀመጥ «መትከል»ን፣ ለማስወገድ «መንቀል»ን ከያዝን «መነሣት» በዚህ መስክ ከአንድ ፍቺ በላይ አይሸከምም።

ብያኔውም መታረም አለበት። መመሪያው «ጫኝ በዲስኩ የመጀመሪያ ሰክተር የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው» ይላል። ዛሬ በተለመደው የዩኢኤፍአይ አሠራር የየሥርዓቱ አስነሺዎች ለብቻው በተከለለ ክፍልፍል ውስጥ እንደ ፋይል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተራቸውን የሚይዘው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስታወሻ ነው። በቦታ የተበየነ ቃል ቦታው ሲለወጥ ይከሽፋል፤ በተግባር ቢበየን ኖሮ አዲሱንም አሠራር ባቀፈ ነበር።

እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ እናቀናዋለን፦ «ዊንዶውስ ከተተከለ በኋላ ሊኑክስ ካልተነሣ በመጀመሪያ የአስነሺዎቹን ተራ ይመልከቱ፤ የሊኑክሱ አስነሺ ከሌለ እርሱን ብቻ እንደገና ይትከሉ።» «ብቻ» የምትለው ቃል በእንግሊዝኛው ውስጥ አልነበረችም፤ እኛ ጨምረናታል።