መልሰህ ንገረኝ

በቅርቡ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቆ ታሳሪዎችን ከምንደግፈው ከእኛ ጋር መሥራት የጀመረ ወጣት፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ «ጋሼ፣ ታሳሪው የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለበት በመጀመሪያው ቀን የምለየው በየትኛው ቅጽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በቅጽ አይለይም አልኩት። አላመነኝም። በሌላው ዓለም የሚሠራበት መመዘኛ እንዳለ፣ ነጥብ እንደሚሰጥ፣ ተተርጉሞም እንደሚገኝ ዘረዘረልኝ። የእንጦጦን ዳገት ጨርሰን እስክንወርድ ተከራከርን፤ ሱሉልታ ስንደርስም አልተስማማንም።

ቅጹን አውቀዋለሁ። ስንተኛ ክፍል ደረስክ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ ከመቶ ጀምረህ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠር ይላል። ከሱሉልታ ዙሪያ ገጠር የመጣ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰ እረኛ ይህን አይመልስም። ስለ ከብቶቹ ጠይቁት ግን፤ የእያንዳንዷን ላም እናት፣ የወለደችበትን ክረምት፣ ወተቷ የነጠፈበትን ወር አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ይህ ሰው አልተማረም እንጂ መማር አላቃተውም። በአንጻሩ ከተማ ያደገና እየተገፋ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ስሙን ይጽፋል፣ ቀኑንም ሳያመነታ ይናገራል፤ ቅጹን ያልፋል። ዋስ ጠርቶ ከተለቀቀ በኋላ በቀጠሮው ቀን መቅረቱንና የሚከተለውን ነገር ግን ማገናኘት አይችልም። ቅጹ ጤነኛውን እረኛ ይጥላል፤ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ያሳልፋል።

ከምንሠራባቸው ከተሞች፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ፣ በአንዱ ተይዞ የነበረ፣ ሃያዎቹን የጀመረ ልጅ ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ አልመታውም፣ አልጮኸበትም። «ሁሉንም አምኗል፤ ነገሩ ገብቶታል» አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩና «ዛሬ ዘንቧል?» አልኩት። «አዎ» አለ። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። «ፀሐይ ነው አይደል?» «አዎ።» «እኔ ወንድምህ ነኝ?» ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «አዎ።» መርማሪው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እንዲህ ያለ ሰው አዎ የሚለው ሊያታልል ፈልጎ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ «አልገባኝም» ባለ ቁጥር ተስቆበታል ወይም ተመትቷል፤ አዎ ሲል ግን ይተውታል። ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት መከላከያው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሰው፣ ያውም የደንብ ልብስ የለበሰ፣ «ገባህ?» ሲል አልገባኝም ማለት ድፍረት ነው። ስለዚህ አብረውኝ ለሚሠሩ ሁሉ አንድ ነገር እከለክላለሁ፤ «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ። ጥያቄው መልሱን ይዞ ስለሚመጣ ምንም አይነግረንም።

ሕጉ ግን በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ነገር አንጠልጥሏል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ ከተናገረ ግን የተናገረው በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ይነገረው ይላል። ይህን እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ አሉታው፣ «ከተናገረ ግን» የሚለው፣ ገና ወደፊት የሚሆነው ነገር፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ነው። አንቀጽ 134 ደግሞ ተከሳሹ የተከሰሰበትን ሁሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው እንደሚችል ይደነግጋል። ለዚያ ልጅ ከአንቀጽ 27 እስከ አንቀጽ 134 ያለው ርቀት ሁለት «አዎ» ብቻ ነው።

እንግሊዞች ይህን የተማሩት ሰው አስረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ውስጥ ማክስዌል ኮንፌ የተባለ ሰው ተገድሎ ሦስት ልጆች ተያዙ፤ አንዱ፣ ኮሊን ላቲሞር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የ18 ዓመት ልጅ ነበር። አምነዋል ተባለ፣ ተፈረደባቸው፤ በ1975 ፍርዱ ተሻረ። ጉዳዩ ያስነሳው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የፖሊስ ሥልጣንና የወንጀል ማስረጃ ሕግ አንዱ ምክንያት ሆነ፤ አሁን በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለ ተጠርጣሪ ሲጠየቅ ፖሊስ ያልሆነ አዋቂ ሰው ጎኑ ይቀመጣል። ወጣቱ ባልደረባዬ ከውጭ የሚመጣ ነገር ከፈለገ ከቅጹ ይልቅ ይህንን ያምጣልኝ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ውስብስብ ነገር አለ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ድንበሩን ተሻግሮ አዲስ አበባ ውስጥ የተያዘ ሰው ደግሞ በአማርኛ ይጠየቃል። የቡራዩ ልጅ ቤቱ አንዱን፣ ሰፈሩ ሌላውን እየተናገረ ያድጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎቱ በማያውቀው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይፈቅዳል። ለማስተዋል የሚቸገር ልጅ ግን ሁለቱንም ቋንቋ እኩል የሚያውቅ ይመስላል፤ በሁለቱም አዎ ይላልና አስተርጓሚ የሚጠይቅለት የለም። መስማት የተሳነው ሰው ዕጣም ከዚህ አይሻልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 51 የአእምሮ መታወክና የሚጥል በሽታ ምልክት ካለበት ሰው ጎን አስቀምጦት የባለሙያ አስተያየት እንዲጠየቅበት ያዛል። በበኩሌ ይህ ስህተት ነው እላለሁ፤ እሱ የሚፈልገው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነው። የእድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆቻችን ግን የባለሙያ አስተያየት ለማስጠየቅ የምናንኳኳው በር ያው አንቀጽ ስለሆነ እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ቡራዩ አጠገብ ገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ፤ አማኑኤል ሆስፒታልንም የማያውቅ የለም። ስለዚህ «ይህ ልጅ ድጋፍ ይፈልጋል» ስል የማገኘው የመጀመሪያ መልስ «ገፈርሳ ይሂዳ!» የሚል ነው። የአእምሮ ሕመም ይታከማል፤ ይብሳል፣ ይሻላል። የእድገት ውስንነትን ክኒን አይለውጠውም፤ የሚለወጠው እኛ ከሰውየው ጋር የምንነጋገርበት መንገድ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ማረሚያ ቤት ከገባ በኋላ ነገሩ ይከፋል። ደንቡ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ይነገረዋል። የቆጠራ ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ሰልፍ ይሳሳታል፤ ሌላው የሰጠውን ነገር ይዞ ይያዛል። እያንዳንዱ የዲሲፕሊን ጉድለት ተብሎ ይጻፍበታል። አመክሮ የሚገኘው ደግሞ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ ለጨረሰ ነው። ጓደኛው ወጥቶ እሱ ይቀራል፤ ደንቡን የጣሰው ስላላወቀው መሆኑን ማንም አልመዘገበለትም። ስለ እስረኞች አያያዝ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች በቁጥር 39 ከመቅጣታችሁ በፊት ውስንነቱ ለጥፋቱ ምክንያት መሆን አለመሆኑን መርምሩ ይላሉ፤ እኔ በሄድኩበት ይህን ቁጥር በቃሌ ሳልጠቅስ አልመለስም።

ታዲያ ምን እናድርግ? «መልሰህ ንገረኝ» ብቻውን አይበቃም፤ ብዙዎቹ የሰሙትን ቃል በቃል የመድገም ችሎታ አላቸው። እኔ «እሑድ እናትህ ስትመጣ ምን ብለህ ትነግራታለህ?» እላለሁ። ያኔ የራሱን ቃል ይፈልጋል። የሰማው የቱ ጋ እንደተበጠሰም ይታያል። የአሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ለእሱ ትርጉም የለውም፤ «እናትህ ሁለት ጊዜ ጠይቃህ ከሄደች በኋላ ዳኛው ዘንድ ትቀርባለህ» ሲባል ግን ይይዘዋል። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ዝምታው ረጅም ነው፤ ጀማሪዎች አይችሉትም፣ መልሱን ከአፉ ይነጥቁታል።

ይህን የተማርኩት ሰበታ ነው፤ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና የልዩ ፍላጎት መምህራን ማሠልጠኛ ባሉባት ከተማ። ካስተማሩን አንዱ ማየት የተሳናቸው ነበሩ። ራሳችንን ብንነቀንቅ አያዩም፣ በኅብረት «ገብቶናል» ስንላቸውም አይቀበሉም፤ አንዱን በስሙ ጠርተው «እስቲ አንተ አስተምረኝ» ይሉ ነበር። ያኔ ማፈሪያ ይመስለን ነበር። ዛሬ የማውቀው ሁሉ ከዚያ ክፍል የወጣ ነው።

ሥራው ቤቴም ገብቷል። እናቴ አርጅተው መርሳት ሲጀምሩ ሐኪም ዘንድ ይዣቸው እሄድ ነበር። «እማማ፣ አወሳሰዱ ገባዎት?» ሲሏቸው «አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። እህቶቼ ደህና ናቸው ብለው ተደሰቱ። እኔ ግን ያንን አዎ አውቀው ነበር፤ ከስንት ታሳሪ አፍ ሰምቼዋለሁ። ማታ ክኒኖቹን መዳፋቸው ላይ አድርጌ «ለጎረቤትዎ ቢያስረዷት እንዴት ይሏታል?» አልኳቸው። አይተዋቸው አይተዋቸው «ለእሷም ያዘዙላት መሰለኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻቸው ድረስ መድኃኒታቸውን በእጄ ሰጠኋቸው። ይህን ሙያ ባልይዝ ኖሮ እናቴን አዎ ባሉኝ ቁጥር አምኜ እተዋቸው ነበር።

አሁን ለምናገኛቸው ዳኞችና መርማሪዎች የማቀርበው ልመና አንድ ነው። መዝገቡ ላይ «ተነብቦለት ተረድቶታል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ምን እንደተረዳ ጠይቁትና ያለውን እንዳለ አስፍሩት። አንድ ዳኛ ይህን አድርገዋል። ልጁ የተከሰሰው በግ ሰርቀሃል ተብሎ ነው። ክሱ ከተነበበ በኋላ «የሰማኸውን በራስህ አነጋገር ንገረኝ» አሉት። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃሉ «በጓ ጠፍታ ነበር፤ አግኝቼ ቤት አስገባኋት፤ አሁን ስለተገኘች ሊያመሰግኑኝ ነው የጠሩኝ» የሚል ነው። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ አይደለህም የሚለውን ጥያቄ አቆዩት፤ ተከላካይ ጠበቃ እንዲቆምለትና የባለሙያ አስተያየት እንዲቀርብ አዝዘው ቀጠሮ ሰጡ።