ባዶ የቀሩት ስምንት ቢቶች

ስለ ቀደምት ሜይንፍሬም ኮምፒውተሮች የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ናፍቆት ይጫነዋል፤ ሜሞሪ ውድ ስለነበር ፕሮግራመሩ ቆጣቢና ጥንቁቅ ሆነ ይባላል። ቆጣቢነቱ አይካድም። ዕዳው በማን ላይ እንደወደቀ ግን እምብዛም አይጠየቅም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ ያደረገው ሲስተም/360 ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ነው።

የዘመኑ ሜሞሪ በሽቦ መረብ ላይ የተሰኩ ጥቃቅን የፌራይት ቀለበቶች ስብስብ ነበር፤ አንድ ቀለበት የሚይዘው አንድ ቢት ብቻ ነው። ንባቡ ራሱ አጥፊ ነበር። ቀለበቱ ምን እንደያዘ ለማወቅ ወደ ዜሮ መገልበጥ ስለሚያስፈልግ፣ ማሽኑ ያነበበውን ወዲያው መልሶ ይጽፋል። በእንዲህ ያለ ዕቃ መሰሰት አያስገርምም። የሲስተሙን ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በሲስተሙ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በኦኤስ/360 ውስጥ ቀን የሚቀይረው ቋሚ ክፍል የዓመቱን 366ኛ ቀን ለማስተናገድ 26 ባይት መያዙን ተችቷል፤ ለኦፕሬተሩ ቢተው ይሻል ነበር ባይ ነው። (ዛሬ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ 26 ባይት ዘጠኝ የግዕዝ ፊደላት እንኳ አይችልም።)

ዋናው ጉዳይ ግን ከአድራሻው ላይ ነው። ሪጅስተሩ 32 ቢት ሲኖረው አድራሻው የሚጠቀመው 24ቱን ብቻ ነበር። ይህ እስከ 16 ሜጋባይት ያደርሳል፤ ሞዴል 30 ከ8 ኪሎባይት ጀምሮ በሚቀርብበት ጊዜ ጣሪያው የሚደረስበት አይመስልም ነበር። ከላይ ስምንት ቢት ባዶ ቀረ፤ ባዶነቱም አልዘለቀም። ለንዑስ ፕሮግራም የሚተላለፉ አድራሻዎች ዝርዝር ማብቃቱ የሚታወቀው በመጨረሻው አድራሻ የላይኛው ቢት ምልክት ሆነ። ጥፋቱን ሁሉ ፕሮግራመሩ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ወደ ንዑስ ፕሮግራም የሚያዘልለው የማሽኑ ትእዛዝ ራሱ የመመለሻውን አድራሻ ሲያስቀምጥ፣ ላይኛው ባይት ውስጥ የኮንዲሽን ኮድና ሌላ የሁኔታ መረጃ ይከት ነበር።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ማንችስተር ላይ ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ የሠሩት አትላስ በ1962 ሥራ ጀምሯል። 16,384 ቃል የሚይዘው የቀለበት ሜሞሪውና የማግኔት ድራሙ ለፕሮግራመሩ እንደ አንድ ማከማቻ ይታዩ ነበር። ሜሞሪው እያንዳንዳቸው 512 ቃል በሚይዙ 32 ገጾች ተከፍሏል፤ የትኛው ገጽ ወደ ድራሙ እንደሚወጣ የሚወስነው የገጾቹን አጠቃቀም የሚከታተል ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙን ቆራርጦ በየተራ የመጫን ጣጣ ከሰው ወደ ማሽን ተሻገረ።

አይቢኤም ይህንኑ ዘዴ፣ ማለትም ቨርቹዋል ሜሞሪን፣ በ1972 ለሲስተም/370 በስፋት ሲያቀርብ ግን መፍትሔው ሌላ ችግር አፋጠነ። ፕሮግራሞች ከእውነተኛው ሜሞሪ በላይ መስፋት ሲችሉ፣ ከቀለበትና ከሽቦ ዋጋ ይልቅ 16 ሜጋባይቱ ጠበባቸው። በእኔ ግምት የሲስተም/360 ትልቁ ወጪ ይህ ነው፤ በየትኛውም የግዢ ሰነድ ላይ ስላልሰፈረ ብቻ እንደ ቁጠባ ተቆጠረ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የ370/ኤክስኤ ንድፍ አድራሻውን ሲያሰፋ፣ ምልክት የነበረው ባይት የአድራሻ አካል ሊሆን ሆነ። የቆዩትን ፕሮግራሞች ሁሉ እንደገና መጻፍ የማይታሰብ በመሆኑ ማሽኑ በሁለት ስልት እንዲሠራ ተደረገ፤ የድሮዎቹ ከ16 ሜጋባይት በታች ቀሩ፤ ባለሙያዎችም ድንበሩን «መስመሩ» ይሉታል። አዲሱ አድራሻም 32 ሳይሆን 31 ቢት ሆነ፤ የቀረችው አንዷ ቢት ፕሮግራሙ በየትኛው ስልት እንደሚሠራ መለያ ሆና አገለገለች።