አንድ ቦኔት፣ ሁለት ፊልም

የጦር ፊልም ሲመዘን ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ፣ ጥፋቱን በማን ጫንቃ ላይ ይጥላል የሚለው ነው። የእንግሊዝ አየር ወለድ ጦር ታሪክ በዚህ ሚዛን እንዲታይ ሁለት ፊልሞችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል፤ የሪቻርድ አተንቦሮን «ኤ ብሪጅ ቱ ፋር» እና የፖል ግሪንግራስን «ብለዲ ሰንደይ»። የመጀመሪያው በ1977፣ ሁለተኛው በ2002 ለእይታ በቁ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱም የሚታየው ወታደር ያንኑ ወይን ጠጅ ቦኔት የደፋ ነው።

ጦሩ የተወለደው በሽንፈት ሰሞን ነበር። በ1940 ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ስትወድቅ፣ ዊንስተን ቸርችል ቢያንስ 5,000 የጃንጥላ ወታደሮች እንዲሠለጥኑ ጠየቁ። በኦገስት 1942 የፓራሹት ሬጅመንት ተመሠረተ። በሴፕቴምበር 1944 ደግሞ በሆላንዷ አርነም ስሙን ያስጠራውን ውጊያ ገጠመ። 10,000 ያህል የክፍለ ጦሩ አባላት በጃንጥላና በሞተር አልባ አውሮፕላን ወርደው፣ ራይንን ተሻግረው የተመለሱት ከ2,500 አይበልጡም። 1,500 ያህሉ ሞቱ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ ተማረኩ።

ሦስት ሰዓት የሚጠጋው የአተንቦሮ ፊልም ይህን ስሕተት አይሸፍንም። መውረጃ ሜዳው ከድልድዩ በብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ እንደ ነበር፣ ሬዲዮው እንደ ከዳ፣ የጀርመን ታንኮችን የሚያሳየው ፎቶግራፍ ችላ እንደ ተባለ በግልጽ ያሳያል። አንተኒ ሆፕኪንስ የሚጫወተው ሌተና ኮሎኔል ጆን ፍሮስት ግን በድልድዩ ጫፍ ጥይቱ እስኪያልቅ ይዋጋል። እንግዲህ የፊልሙ ፍርድ ይህ ነው፤ አለቆች አጠፉ፣ ወታደሩ ግን ንጹሕ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በአርነም ግን የወደቀው ዛፍ ሐውልት ሆነ። ድልድዩም ዛሬ በፍሮስት ስም ይጠራል። ፊልሙ ቤቷን ለቁስለኞች የሰጠችውን ሆላንዳዊት እናት ልጆቿን ይዛ ስትሰደድ ያሳየናል እንጂ፣ ከዘመቻው መክሸፍ በኋላ 20,000 ያህል ሆላንዳውያንን የፈጀውን የረኃብ ክረምት አይነግረንም። የጓዶች ፍቅር ገዝፎ ሌላውን ሐዘን ከመድረኩ ገፍቶታል።

ግሪንግራስ የሚነሣው አተንቦሮ ካቆመበት ሳይሆን ከዚያው ፍቅር ሌላኛው ገጽታ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 የሬጅመንቱ የመጀመሪያ ሻለቃ ወታደሮች በሰሜን አየርላንዷ ደሪ ከተማ በሲቪል መብት ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች ገደሉ፤ ከቁስለኞቹም አንዱ ከወራት በኋላ ሞተ። በእጅ የተያዘው ካሜራ ተመልካቹን ከሰልፈኛውም ከወታደሩም መካከል ያስገባዋል። የፊልሙ ብርታት አንድ ክፉ ሰው ጠቁሞ አለመገላገሉ ነው። ተኩሱ ያስደነገጠው ወጣት የሬዲዮ ሠራተኛ በመርማሪ ፊት ሲቀርብ፣ ኅሊናው እየወቀሰው ቃሉን ከጓዶቹ ቃል ጋር ያስማማል። በአርነም ጓድን አለመክዳት ጀግንነት ነበር፤ በደሪ ያው ጠባይ እውነትን መቅበሪያ ሆነ። ከሁለቱ ፊልሞች ሊወሰድ የሚገባው ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው።

ፊልሙን እንጉድለት ካለበት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ስለ ታጠረ ወታደሩ ያን ዓይነት ጭካኔ ከየት እንዳመጣው በቂ ፍንጭ አለመስጠቱ ነው። ይሁንና ታሪክ መሰከረለት። በ1972 የቀረበው የዊጀሪ ሪፖርት ወታደሮቹን በአብዛኛው ነጻ ሲያወጣ፣ በ2010 የወጣው የሳቪል ሪፖርት ከሟቾቹም ከቁስለኞቹም ማንም ለሕይወት የሚያሰጋ እንዳልነበረ፣ ብዙ ወታደሮችም እያወቁ ሐሰት እንደ ተናገሩ አረጋገጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንም በዚያው ዕለት በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። በግድያው ለፍርድ የቀረበው አንድ የቀድሞ ወታደር ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም የቤልፋስት ፍርድ ቤት ማስረጃው አይበቃም ሲል በኦክቶበር 2025 በነጻ አሰናበተው።

ዛሬ ሬጅመንቱ ስሙን ከወረሰበት ሙያ ርቋል። ሙሉ ሻለቃ በጃንጥላ ወርዶ ውጊያ የገባው ለመጨረሻ ጊዜ በ1956 በሱዌዝ ዘመቻ፣ በፖርት ሰይድ አጠገብ ነበር። በ1982 ወደ ፎክላንድ የተጓዘው በመርከብ ነው፤ በአፍጋኒስታንም ዋና መጓጓዣው ሄሊኮፕተር ነበር። ኮልቸስተር በሰፈረው 16ኛው ብርጌድ ውስጥ የሚያገለግሉት ወታደሮች ዛሬም በጃንጥላ መዝለልን ይማራሉ፤ ከዝላዩ ይልቅ የሚወርሱት ግን ስሙንና የጓድነቱን ወግ ነው። ስለዚህ ወጉን ማን እንዴት ተረከው የሚለው ተራ የፊልም ወሬ አይደለም። የአርነምን ጀግኖች የሚያደንቅ ተመልካች የደሪን ሟቾች ስም ሳይሰማ ከአዳራሽ ቢወጣ፣ ያየው የታሪኩን እኩሌታ ብቻ ነው።