ክርኑን እዩ

ዊንግ ቹን የተባለውን የቻይና የፍልሚያ ስልት የሚሠሩ ሰዎች ስለ ፎርም (ተራ ይዘው ስለሚሠሩ እንቅስቃሴዎች) ሲከራከሩ ሁሉም የሚጠሩት አንድ ምስክር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በ8 ሚሊሜትር ካሜራ የተቀረጸ ፊልም። አንድ ከሲታ አዛውንት ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው፣ የእግራቸውን ጣቶች ወደ ውስጥ አዙረው ይቆማሉ። ከዚያ እጃቸውን ከደረታቸው ፊት በጣም ቀስ አድርገው ያወጣሉ። አዛውንቱ የዊንግ ቹን ማስተር ኢፕ ማን ናቸው። የጉሮሮ ካንሰር ይዟቸው ነበር፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጀመሪያ አረፉ። ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብለው የመጀመሪያውን ፎርም ሲዩ ኒም ታውን፣ ሁለተኛውን ቹም ኪዩንና በእንጨት ሰው (ክንዶች በተሰኩበት የመለማመጃ ግንድ) ላይ የሚሠራውን ፎርም አስቀርጸዋል።

ክርክር ሲጋጋል «ሂድና ፊልሙን እይ» ይባላል። ሁሉም ወገን አይቶ ሲመለስ ግን ያየው የራሱን ማስተር ነው። እኔ ፊልሙን እወደዋለሁ። በዚያ ሕመም ላይ ያለ ሰው በዚያ ትዕግሥት ሲሠራ ማየት ለማንም ተማሪ ትልቅ ስጦታ ነው። ዳኛ አድርጌ ግን አላስቀምጠውም። ኢፕ ማን የተወለዱት በ1893 ነው። በ1950 በሆንግ ኮንግ የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ማስተማር ሲጀምሩ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ይህ ሕመም ያልያዛቸው ሰው ነበሩ። በዚያን ጊዜ የተማረና በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተማረ ሰው እጃቸው ቢለያይ አንዳቸው ዋሽተዋል ማለት አይደለም።

የጎንደር አቋቋም ተማሪ «ላይ ቤት ነኝ፣ ታች ቤት ነኝ» እንደሚለው እኛም በማስተሮቻችን ስም የሚጠራ ቤት አለን። የሌውንግ ሸውንግ ቤት፣ የዎንግ ሹን ሌውንግ ቤት፣ የቹ ሾንግ ቲን ቤት፣ የሌውንግ ቲንግ ቤት፤ ሁሉም ሐረጋቸውን ከኢፕ ማን ይቆጥራሉ። ከዚህ ውጭ ደግሞ የኢፕ ማን የዘመን አቻ ከነበሩት ከፎሻኑ ዩን ኬይ ሳን የወረደ፣ በተማሪያቸው በሰም ኑንግ በኩል ጓንግዡ ላይ የሰፋ ቤት አለ። ስልቱን መሠረቱ ስለሚባሉት መነኩሲት ንግ ሙይና ስለ ተቃጠለው የሻዎሊን ገዳም የሚተረከው ለዛ አለው፤ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ስለሌለው ግን ፎርምን ከፎርም ለማመዛዘን አይረዳኝም።

ይበልጥ የሚረዳኝ የሌውንግ ጃን ነገር ነው። ሌውንግ ጃን በ19ኛው መቶ ዘመን ፎሻን ከተማ የኖሩ ሐኪም ነበሩ። እዚያ ያስተማሩት በተማሪያቸው በቻን ዋ ሹን በኩል ለኢፕ ማን የደረሰው በሦስት ረጃጅም የባዶ እጅ ፎርሞች ተሰናድቶ ነው። በስተርጅና ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ጉላው ተመልሰው አስተማሩት የሚባለው ግን ረጅም ፎርም የለውም። አንድ በአንድ የሚሠሩ፣ ከባልደረባ ጋር ወዲያው የሚሞከሩ አጫጭር እንቅስቃሴዎች ናቸው። በሰም ኑንግ ቤትም ከፎርሞቹ ጎን 12 የተነጠሉ እንቅስቃሴዎች አሉ። ታዲያ የጉላው ሰው «ፎርም የለህም፣ ትምህርትህ ጎደሎ ነው» ሲባል እሰማለሁ፤ አልስማማም። ረጅሙ ፎርም ከአንዱ የእጅ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው መሸጋገሪያውን ይጠብቃል፤ ጥቅሙ ግን ለብዙ ዓመት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። በአጭሩ የተማረ ሰው እጁን በመጀመሪያው ሳምንት ይጠቀምበታል፤ መሸጋገሪያውን ግን ከባልደረባው ጋር ሲታገል ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ማስተሩ አንድ ሰው ቢሆኑም የከተማው ተማሪና የመንደሩ ተማሪ የሚፈልጉት አንድ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ አንዲት እጅ ልጠጋ። ሲዩ ኒም ታው ውስጥ ፉክ ሳው የሚባል አለ። አንጓ ይታጠፋል፣ መዳፍ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ክንድ በደረት መሃል መስመር ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል። ከዚያ እጁ ተፈትቶ ዉ ሳው (ጠባቂ እጅ) ሆኖ ይመለሳል፤ እንደገና ይወጣል። በእያንዳንዱ እጅ ሦስት ጊዜ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው በኢፕ ማን ቤቶች ሁሉ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚገኘው ክርኑ ላይ ነው።

ዎንግ ሹን ሌውንግ በ1950ዎቹ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከሌሎች ስልቶች ሰዎች ጋር ባደረጓቸው ግጥሚያዎች ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው፤ ብሩስ ሊም ከእሳቸው ብዙ ቀስሟል። በእሳቸው ቤት ክርን ወደ መሃል መስመር እንዲገባ ይደረጋል፤ ጀማሪውን ደረቱና ትከሻው መጋጠሚያ ላይ ያመዋል። ምክንያቱ ቡጢ ነው። ፉክ ሳው እዚያ ቤት የመከላከያ እጅ ከመሆኑ በፊት ክርን ቡጢን ከኋላ እንዲገፋ የሚያለማምድ ሥራ ነው። ቹ ሾንግ ቲን ደግሞ «የሲዩ ኒም ታው ንጉሥ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በእሳቸው ቤት ክርን በጉልበት አይገፋም። ትከሻ ይወርዳል፣ አከርካሪ ወደ ላይ ይሳባል፣ ጡንቻው ሁሉ እንዲለቅ ይጠበቃል። ክንዱን ሐሳብ እንዲያንቀሳቅሰው ይፈለጋል።

ሁለቱን ከባልደረባዬ ጋር ስሞክር የማደርገው ቀላል ነው። ባልደረባዬ መዳፉን አንጓዬ አጠገብ ያሳርፍና ወደ ደረቴ ይገፋል፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየጨመረ። በዎንግ ቤት አያያዝ ስቆም ግፊቱ ክርኔ ላይ ያርፍና በጎኔ በኩል ወደ ዳሌዬ ይወርዳል። መሃሉ ዝግ ስለሆነበት ዞሮ መግባት ይፈልጋል፤ እጁ ከመስመር ሲወጣ ቡጢዬ ቀድሞ ደረቱ ላይ ነው። በቹ ቤት አያያዝ ግን የሚገፋበት ቦታ ያጣል። ክንዴን ሊገፋ ፈልጎ መላ ሰውነቴን የሚገፋ ይመስለዋል፤ ግፊቱን ሲጨምር የራሱ ተረከዝ ከመሬት ይነሳል።

ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። የመጀመሪያው በደንብ ያልተያዘ እንደሆነ ትከሻን ያደርቃል፤ ትከሻው የደረቀ ሰው ደግሞ ቺ ሳው (ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው የሚሠሩት ልምምድ) ላይ ገና ሳይነካ ይታወቃል። ሁለተኛው ዓመታት ይፈልጋል፤ «ልቀቀው፣ ልቀቀው» እየተባለ ብቻ ያደገ ተማሪ የመጀመሪያው ኃይለኛ ገፊ ሲመጣበት ክንዱ ደረቱ ላይ ይወድቃል። እኔ ጀማሪን በመጀመሪያው አስጀምራለሁ፤ ክርኑ መንገዱን ካወቀ በኋላ ጉልበቱን እንዲቀንስ አደርጋለሁ። ሁለቱም ቤቶች በዚህ አይስማሙ ይሆናል፤ ከተማሪዎቼ ያየሁት ግን ይህን ነው።

የአዟዟሩም ነገር እንዲሁ ነው። ቹም ኪዩ ላይ ሰውነት ግራና ቀኝ ሲዞር በዎንግ ቤት ክብደት በሁለቱ እግር እኩል ይቀራል፤ በሌውንግ ቲንግ ቤት ሙሉ በሙሉ የኋላ እግር ላይ ይሄዳል። የኋላ እግር ላይ የቆመ ሰው የፊት እግሩ ነፃ ነው፤ ያለ ምልክት ይራገጣል፣ ለከባድ ሰው ግፊትም ቦታ ይለቃል። ወደ ፊት መግባት ሲፈልግ ግን ክብደቱን መልሶ ማምጣት አለበት። እኩል የቆመው ወዲያው ይገባል፤ የሚመጣበትን ግፊት ግን በእግሩ ስለማይሸሸው በክርኑ መመለስ ይኖርበታል። እዚህ ላይ ነው የዎንግ ቤት ክርን ለምን ያን ያህል እንደሚጠበቅ የሚታየው። አቋቋሙ ክርኑን ይጠይቃል፣ ክርኑም አቋቋሙን።

በሁለት ቤቶች መካከል ያለን ልዩነት የምመዝነው በዚህ ነው። የመጣው ከማን ነው፣ ማን ቀድሞ ተማረ የሚለውን አስቀምጬ፣ ልዩነቱ ፎርሙን ሁሉ ዘልቆ ይሄዳል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ሲዩ ኒም ታው ላይ ያየሁትን ክርን ቹም ኪዩ ሲዞር፣ ቺ ሳው ላይ፣ የእንጨቱ ሰው ላይ ካገኘሁት ያ ቤት የታሰበበት ነው፤ ያልለመድኩት ቢሆንም አከብረዋለሁ። አንድ ቦታ ብቅ ብሎ ሌላ ቦታ ከጠፋ ግን የሆነ ሰው ረስቶታል ወይም ጉልበቱን ስላመመው አሳጥሮታል፣ ተማሪዎቹም እንዳለ ወርሰውታል። እንዲህ ያለው በሁሉም ቤት አለ። ታማኝ ተማሪ ማስተሩን ሲያነክስም ይከተላል፤ ፍቅር ነው፣ ግን ለሚቀጥለው ተማሪ አይጠቅምም።

በቁጥር መከራከር ግን ጊዜ ማባከን ነው። የእንጨቱ ሰው ፎርም በአንዱ ቤት 108፣ በሌላው 116 ይቆጠራል፤ አንዱ ሁለት እንቅስቃሴ ያለውን ሌላው አንድ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ እንጨቱ ምን ላይ እንደቆመ ብንጠይቅ ብዙ እንማር ነበር። ፎሻን ላይ ግንዱ መሬት ውስጥ ይተከል ነበር። ሆንግ ኮንግ ላይ ግን ሰው የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ መሬት የለም። ስለዚህ ግንዱ በሁለት አግዳሚ ጣውላዎች ግድግዳ ላይ ተንጠለጠለ። ጣውላው ሲመታ ይተጣጠፋል፣ ግንዱ ትንሽ ሸሽቶ ይመለሳል። የተተከለ ግንድ ላይ የሠራ ሰው ኃይሉን ጨርሶ ይለቃል፤ በተንጠለጠለው ላይ የሠራ የሚመለሰውን እንጨት መቀበል ይማራል። በጠበበ ቤት ምክንያት የመጣ ለውጥ ክንድን አዲስ ነገር አስተማረው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የተንጠለጠለውን እመርጣለሁ፤ የሚመልስ ነገር ላይ መሥራት ለቺ ሳው የቀረበ ነው።

የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ፎርም ቢዩ ጂ ነው። ኢፕ ማን አላስቀረጹትም፤ ቤቶቹም በጣም የሚራራቁት እዚያ ላይ ነው። ዎንግ ሹን ሌውንግ በ1997፣ ቹ ሾንግ ቲን በ2014 አርፈዋል። ከኢፕ ማን እጅ በቀጥታ የተቀበሉት እየቀነሱ ነው። ዛሬ በየቤቱ የሚቀረጸው ቪዲዮ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን አንድ ሰው ብቻውን ከፎርሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠራ የሚያሳይ ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ማስተሩ ሲያርም ይቀረጽ። ባልደረባ ሲገፋቸው፣ ተማሪ «ለምን ክርኑ እዚህ ሆነ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እሳቸውም ክንዱን ይዘው ወደ ቦታው ሲመልሱለት። የየቤቱ ሰዎች ይህን ዛሬ ይጀምሩ፤ የኔ ቤትም ጭምር።